ሦስት የተለያዩ ወረቀቶችን አንድ ያደረገው ጽሑፍ፦ ስለ አኩፓንክቸር ባለሙያዎች ትምህርትና ፈቃድ የተሰጠ ምላሽ

በአሜሪካ ለሚኖሩ አማርኛ አንባቢዎች የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ነው። የሚለው በአጭሩ ይህ ነው፦ የአኩፓንክቸር (በቀጫጭን መርፌዎች የሚሰጠው የቻይና ባህላዊ ሕክምና) መርፌ ለመያዝ የሁለት ቀን ሥልጠና ይበቃል፤ ብሔራዊ ማረጋገጫ ያለው ሰው በየትኛውም ግዛት መሥራት ይችላል፤ ስለዚህ የሚታመነው ሐኪም፣ ካይሮፕራክተር (አከርካሪን በእጅ የሚያስተካክል ባለሙያ) ወይም ፊዚዮቴራፒስት የሚወጋው መርፌ ብቻ ነው፤ በአገር ቤት ሐኪም ወይም ነርስ የነበረ፣ ዋግምትም የሚያውቅ ሰው ሙያውን በቀላሉ ይቀላቀላል፤ መንግሥት ፈቃድ መስጠቱ ሕክምናው እንደሚያድን ያረጋግጣል፤ ሜዲኬርም (በዋናነት ለአረጋውያን የሚሆነው የመንግሥት የጤና መድን) ወጪውን ይሸፍናል። ጸሐፊው ወገናቸውን ለመጠበቅ ብለው እንደጻፉ አንጠራጠርም። ነገር ግን ጽሑፋቸውን አምኖ ባለሙያ የሚመርጥ ሰው ሊጠይቅ የሚገባውን ጥያቄ ሳይጠይቅ ይቀራል። ነጥቦቹን በየተራ እናያለን፤ ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ የሁለት ቀኑን ሥልጠና እንመልከት። እንዲህ ያለ ኮርስ የለም አንልም፤ አለ። ነገር ግን የአኩፓንክቸር ባለሙያ የሚወጣበት አይደለም። ጸሐፊው ያዩት፣ ሌላ የጤና ሙያ ፈቃድ ላላቸው ሰዎች በቅዳሜና እሑድ የሚሰጠውን የ«ድራይ ኒድሊንግ» ሥልጠና ይመስለናል። በዚህ ዘዴ የተቋጠረ ጡንቻ በዚያው በአኩፓንክቸር መርፌ ይወጋል። ወደዚህ ኋላ እንመለስበታለን።

በአኩፓንክቸር ስም ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው ትምህርት ቤት ለመግባት ብቻ ቢያንስ የሁለት ዓመት የኮሌጅ ትምህርት፣ ማለትም 60 ክሬዲት፣ ያስፈልገዋል። ከዚያ የሚከተለው የማስተርስ ዲግሪ ነው። ለአኩፓንክቸር ትምህርት ቤቶች ዕውቅና የሚሰጠው ኮሚሽን፣ በምህጻረ ቃል ኤ.ሲ.ኤ.ኤች.ኤም፣ ያስቀመጠው ዝቅተኛ መስፈርት 3 የትምህርት ዓመትና 1905 ሰዓት ነው። ከዚህ ውስጥ 705 ሰዓቱ ለሕክምናው ንድፈ ሐሳብ፣ ለምርመራና ለአወጋግ ዘዴ፣ 660ው ለክሊኒክ ልምምድ፣ 450ው ለአናቶሚ፣ ለፊዚዮሎጂ፣ ለፓቶሎጂና ለመሳሰሉት የዘመናዊ ሕክምና ትምህርቶች፣ ቀሪው 90 ሰዓት ደግሞ ለሥነ ምግባር፣ ከታካሚ ጋር ለመግባባትና ለክሊኒክ አስተዳደር ይውላል። ዕፀዋትን የሚጨምረው ትምህርት 4 ዓመትና 2625 ሰዓት ይፈጃል። ካሊፎርኒያ ደግሞ የራሷ ሥርዓት ስላላት 3000 ሰዓት ትጠይቃለች፤ 2050ው የክፍል ትምህርት፣ 950ው የክሊኒክ ልምምድ ነው።

እነዚህ ቁጥሮች ለምን እንዲህ ከፍ አሉ? መልሱን ለማግኘት ሁለት የሰውነት ክፍሎችን ማየት ይበቃል። ጂዬንጂንግ የሚባለው የመርፌ መውጊያ ነጥብ በአንገት ግርጌ ጎልቶ በሚታየው አጥንትና በትከሻ ጫፍ መካከል፣ ውጥረት ያለበት ሰው ሁሉ እጁን ሰዶ የሚያሸው ቦታ ላይ ይገኛል። ከሥሩ የሳንባ ጫፍ አለ። በላይኛው ጀርባና በደረት አካባቢ ቀጭን ሰው ላይ ከቆዳ እስከ ሳንባ ያለው ርቀት ከ1 እስከ 2 ሴንቲሜትር ብቻ ሊሆን ይችላል፤ በየክሊኒኩ የተለመደው መርፌ ግን 4 ሴንቲሜትር ርዝመት አለው። ቀጥ ብሎ በጥልቀት ከተወጋ ሳንባው ይበሳና አየር በሳንባና በደረት ግድግዳ መካከል ይገባል። ይህ በአኩፓንክቸር ከሚደርሱ ከባድ ጉዳቶች በብዛት የሚመዘገበው ነው። ምልክቱ፣ ማለትም ሲተነፍሱ የሚወጋ የደረት ሕመምና የትንፋሽ ማጠር፣ አንዳንዴ ታካሚው ቤቱ ከገባ ከሰዓታት በኋላ ስለሚመጣ ከመርፌው ጋር ሳይያያዝ ይታለፋል። የሠለጠነ እጅ ጡንቻውን በጣቶቹ ቆንጥጦ ከፍ ያደርግና መርፌውን አግድም፣ በጥቂቱ ብቻ ያስገባል።

ሁለተኛው ቦታ የደረት አጥንት መሐል ነው። ከ100 ሰዎች ከ5 እስከ 8 የሚሆኑት ሲወለዱ ጀምሮ በዚህ አጥንት ላይ ትንሽ ቀዳዳ አላቸው። በእጅ ዳሰሳ አይገኝም። አጥንቱን ጋሻ አድርጎ ቀጥ ያለ መርፌ የሚያስገባ ሰው ያ ቀዳዳ ቢያጋጥመው ልብ ላይ ይደርሳል፤ በዚህ ምክንያት የሞተ ሰው በሕክምና መጽሔቶች ተመዝግቧል። ስለዚህ እዚያ የሚወጋው ሁልጊዜ በአግድመት፣ አጥንቱን ታክኮ ነው። ይህን በጽሑፍ ማወቅ አንድ ደቂቃ ይበቃዋል። እጅ እንዲለምደው ግን ከአሠልጣኝ ፊት ደጋግሞ መውጋት ያስፈልጋል፤ ተማሪው ከመመረቁ በፊት በክትትል ሥር ራሱ ቢያንስ 250 ሕክምና እንዲሰጥ መስፈርት የተቀመጠውም ለዚህ ነው። የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ የተተከለለት ሰው ላይ መርፌውን ከኤሌክትሪክ ጋር አለማገናኘት፣ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ላይ በጥልቀት አለመውጋት፣ ነፍሰ ጡር ላይ የሚታለፉ ነጥቦችን ማወቅ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚታከመውን ሰው አስተኝቶ መውጋት (ተቀምጦ የሚወጋ ሰው ራሱን ሊስት ይችላል)፣ እነዚህ ሁሉ በዚያው ጊዜ የሚለመዱ ናቸው።

ሁለተኛው ነጥብ፣ ብሔራዊ ማረጋገጫ በየትኛውም ግዛት ያሠራል የሚለው ነው። የጽሑፉ ትልቁ ስሕተት እዚህ ላይ ነው ብለን እናምናለን፤ ሌሎቹም ከዚሁ የመጡ ናቸው። ዲግሪ የሚሰጠው ትምህርት ቤቱ ነው። የብቃት ማረጋገጫ የሚሰጠው ከ1982 ጀምሮ ያለ፣ ኤን.ሲ.ሲ.ኤ.ኦ.ኤም በሚል ምህጻረ ቃል ሲታወቅ የቆየ፣ የመንግሥት ያልሆነ ፈታኝ ድርጅት ነው። ፈቃድ የሚሰጠው ደግሞ ግዛቱ ብቻ ነው። አንዱ ለሌላው ቅድመ ሁኔታ ሊሆን ይችላል፤ አንዱ ሌላውን ግን አይተካም።

ፈታኝ ድርጅቱ ስለ ሕክምናው መሠረታዊ ሐሳብ፣ ስለ አኩፓንክቸርና ነጥብ አፈላለግ፣ ስለ ዘመናዊ ሕክምና፣ እንደ ምርጫውም ስለ ቻይና ዕፀዋት ይፈትናል። ከፈተናው ጎን ለጎን የንጹሕ መርፌ አያያዝ ኮርስ ማለፍ ግዴታ ነው፤ ይህ የጽሑፍና የተግባር ፈተና አለው። ማረጋገጫው በየ4 ዓመቱ 60 የትምህርት ነጥብ ተሰብስቦ ይታደሳል። አብዛኞቹ ግዛቶች ይህን ፈተና ይቀበላሉ፤ ከተቀበሉት ውስጥ ግን አንዳንዶቹ ፈተናው አንድ ጊዜ መታለፉ ይበቃቸዋል፣ ሌሎቹ ማረጋገጫው ሁልጊዜ የታደሰ እንዲሆን ይፈልጋሉ። ካሊፎርኒያ የራሷን ፈተና ስትሰጥ የኖረች ግዛት ናት፤ የብሔራዊ ማረጋገጫ ወረቀት ብቻ ይዞ እዚያ ክሊኒክ መክፈት አይቻልም። አላባማ፣ ኦክላሆማና ደቡብ ዳኮታ ደግሞ ለአኩፓንክቸር ባለሙያ የፈቃድ ሥርዓት ሳያወጡ የቆዩ ግዛቶች ናቸው፤ በነዚያ «ፈቃድ አለኝ» የሚል ሰው ከየትኛው ግዛት እንዳገኘው መጠየቅ ነው።

ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በዋሽንግተን ዙሪያ ይህ ነገር የየቀኑ ጉዳይ ነው። በሜሪላንድ ፈቃዱን የሚሰጠው የግዛቱ የአኩፓንክቸር ቦርድ፣ በቨርጂኒያ ደግሞ የሕክምና ቦርዱ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ሕጋዊ ሆኖ የሚሠራ ባለሙያ ወንዙን ተሻግሮ አሌክሳንድሪያ ላይ አንድ ታካሚ እንኳ ቢወጋ፣ የቨርጂኒያ ፈቃድ እስከሌለው ድረስ ያለ ፈቃድ ማከም ይባላል። ታካሚው ቤት ድረስ ሄዶ ማከምም ያው ነው፤ የሚቆጠረው መርፌው የገባበት ቦታ ነው።

ማጣራት አይከብድም። ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ወረቀት ሲሰጥ የነበረውን ሁኔታ ነው የሚናገረው፤ ዛሬ ያለውን የሚናገረው የቦርዱ የፈቃድ መፈለጊያ ነው። ሙሉ ስሙን አስገብቶ አራት ነገር ማየት ይበቃል፦ የሙያው ዓይነት «አኩፓንክቸር» መሆኑን፣ ፈቃዱ የሚሠራ መሆኑን፣ የሚያበቃበትን ቀን፣ የዲሲፕሊን ውሳኔ መኖር አለመኖሩን። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ይዘለዋል። ማሳጅ ለመሥራት የተሰጠ ፈቃድም እኮ በዚያው መፈለጊያ ላይ «የሚሠራ» ተብሎ ይወጣል።

ጸሐፊው ከባለሙያ ስም ኋላ የሚጻፉት ፊደላት ያደናግራሉ ማለታቸው ግን ልክ ነው። «ኤል.ኤሲ» የሚለው ግዛቱ የሰጠውን ፈቃድ፣ «ዲፕል. ኤሲ» ብሔራዊ ማረጋገጫውን፣ «ኤም.ኤሲ» እና «ዲ.ኤሲ» ማስተርሱንና ዶክትሬቱን ያመለክታሉ። ዶክትሬት ያለው ሰው «ዶክተር» መባሉ ሕገ ወጥ አይደለም፤ ዶክትሬቱ በአኩፓንክቸር መሆኑን ሳይገልጽ ሰው የሕክምና ዶክተር አድርጎ እንዲያየው ማድረግ ግን በካሊፎርኒያ ያስጠይቃል። ስለዚህ «ዶክተር ናቸው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ብዙ አይጠቅምም። «የምን ዶክተር?» ማለት ይሻላል።

ሦስተኛው ነጥብ የሚወጋው ሐኪም ከሆነ ብቻ ይታመን የሚል ነበር። ሐኪም በሽታን በመለየት፣ መቼ ኤክስሬይ ወይም የደም ምርመራ እንደሚያስፈልግ በማወቅ እንደሚበልጥ አንከራከርም። ያልተመረመረ የጀርባ ሕመም፣ በሌሊት የሚብስ፣ ክብደት ከመቀነስ ወይም ትኩሳት ጋር የመጣ ከሆነ፣ መጀመሪያ መታየት ያለበት በሐኪም ነው። መርፌ መውጋት ግን ሌላ እጅ ይጠይቃል። ኒውዮርክ ሐኪም ወይም የጥርስ ሐኪም አኩፓንክቸር ለመስጠት 300 ሰዓት ሥልጠና እንዲወስድ ትጠይቃለች፤ የሐኪሞች የአኩፓንክቸር ስፔሻሊቲ ቦርድም እንዲሁ 300 ሰዓት ይፈልጋል። ምንም ተጨማሪ ሥልጠና ሳይጠየቅ ሐኪም እንዲወጋ የሚፈቅዱ ግዛቶችም አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ1999 ያወጣው መመሪያ የሕክምና ትምህርት ለሌለው ሰው 2500 ሰዓት (ቢያንስ 1000ው ተግባራዊ)፣ ለሐኪም ሙሉ ሥልጠና 1500፣ በሙያው ውስጥ እንደ አንድ ተጨማሪ ዘዴ ብቻ ለሚጠቀምበት ሐኪም ደግሞ ቢያንስ 200 ሰዓት አስቀምጧል። ሐኪምዎን «በአኩፓንክቸር ስንት ሰዓት ሠልጥነዋል?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ካይሮፕራክተር በብዙ ቦታ 100 ሰዓት ተምሮ ይወጋል። ፊዚዮቴራፒስቱ ጋ ስንደርስ ነው እንግዲህ የሁለት ቀኑ ኮርስ የሚመጣው። ድራይ ኒድሊንግ ከጥልቀትና ከድግግሞሽ ጋር የተያያዘ ነው፤ መርፌው ጡንቻው ውስጥ እየገባ እየወጣ ቋጠሮውን ይነካካል። ከሚወጉት ጡንቻዎች ዋነኛው ደግሞ ያ ከሳንባ ጫፍ በላይ ያለው የትከሻ ጡንቻ ነው! ጸሐፊው በአኩፓንክቸር ባለሙያው የሁለት ቀን ሥልጠና ደንግጠው፣ ሕዝቡን በእውነት የሁለት ቀን ኮርስ ሊኖረው ወደሚችለው ሰው መላካቸው የጽሑፉ ትልቁ ግርምት ነው። ፊዚዮቴራፒስት ሁሉ አይችልም ማለታችን አይደለም፤ አናቶሚ በሚገባ ይማራሉ፣ ረጅም ሥልጠና የወሰዱም አሉ። ሕጉም በየቦታው ይለያያል። የሰሜን ካሮላይና ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2018 የአኩፓንክቸር ቦርዱ ያቀረበውን ክርክር ሳይቀበል ለፊዚዮቴራፒስቶቹ ቦርድ ፈርዷል፤ ካሊፎርኒያ ግን ፊዚዮቴራፒስት በዚህ ዘዴ እንዲያክም አትፈቅድም።

ጸሐፊው ያላነሡት አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ በአነስተኛ ሰዓት የሚሰጥ፣ ነገር ግን ወሰኑ የታወቀ ሥልጠና። በ1974 በኒውዮርክ ሳውዝ ብሮንክስ በሊንከን ሆስፒታል ለሱሰኞች ማገገሚያ የተጀመረው የአምስት የጆሮ ነጥቦች ሕክምና በ70 ሰዓት ይሰጣል፤ 30ው ትምህርት፣ 40ው ልምምድ። የሠለጠነው ሰው ከጆሮ ወርዶ አንገት ላይ እንኳ መውጋት አይፈቀድለትም። ሰዓቱ አነሰ ተብሎ አይነቀፍም፤ ጆሮ ላይ ሳንባም ልብም የለምና።

አራተኛው፣ በአገር ቤት ሐኪም ወይም ነርስ የነበረ ሰው በቀላሉ ይገባል የሚለው፣ የሰው ገንዘብና ጊዜ የሚያባክን ምክር ስለሆነ በግልጽ እንናገራለን። ከኢትዮጵያም ሆነ ከሌላ አገር የተገኘ የሕክምና ወይም የነርስነት ዲግሪ ወደ አኩፓንክቸር ፈቃድ አይቀየርም። ሊረዳ የሚችለው ከዘመናዊ ሕክምናው 450 ሰዓት ውስጥ የተወሰነውን ነው፤ አናቶሚውን፣ ፊዚዮሎጂውንና ፓቶሎጂውን ትምህርት ቤቱ እንደ ደንቡ ሊይዝለት ይችላል። ለዚህም የትምህርት ማስረጃው በዝርዝር፣ ኮርስ በኮርስ፣ በአሜሪካ ገምጋሚ ድርጅት መገምገም አለበት፤ ጥቅሉን ብቻ የሚያሳይ ግምገማ አሠርቶ እንደገና መክፈል የተለመደ ስሕተት ነው። የነጥብ አፈላለጉና የክሊኒኩ ሰዓት አይቀነስም። ትምህርቱን በእንግሊዝኛ ያልተማረ አመልካች የቋንቋ ፈተና ውጤት የሚጠየቅባቸው ግዛቶችም አሉ፤ ቨርጂኒያ አንዷ ናት። በቻይና የአኩፓንክቸር ዲግሪ ያለው ሰው ሁኔታው ይለያል፤ ትምህርቱ ተገምግሞ እኩያ ሆኖ ከተገኘ በቀጥታ ለብሔራዊ ፈተናው ማመልከት ይችላል።

ትምህርት ቤት የሚመርጥ ሰው ከመመዝገቡ በፊት ሊጠይቅ የሚገባው ዋናው ነገር ዕውቅናው ነው። «ዕውቅና ለማግኘት በሂደት ላይ ነን» የሚል ትምህርት ቤት ዕውቅና ያለው ትምህርት ቤት ማለት አይደለም፤ ሂደቱ ካልተሳካ ተመራቂው ዲግሪ ይዞ ለፈተና መቀመጥ ሊያቅተው ይችላል። ካሊፎርኒያ መሥራት የሚፈልግ ደግሞ የመረጠው ትምህርት የ3000 ሰዓቱን መስፈርት የሚያሟላ መሆኑን በጽሑፍ ይጠይቅ። በ1905 ሰዓት ተመርቆ ወደዚያ የሄደ ሰው ተመልሶ ክፍል ከመግባት ሌላ አማራጭ የለውም።

ዋግምትን በተመለከተ፣ ደረቁ ዋግምት በአኩፓንክቸር ትምህርት ቤቶችም ስለሚሰጥ ለተማሪው እንግዳ አይሆንበትም። ከዚያ ያለፈ ግን የሚያገናኛቸው የለም። በምላጭ ተበጥቶ ደም የሚወጣበት ዋግምት ደግሞ የራሱ አደጋ አለው፤ ቀንድ ቀዳዳማ በመሆኑ ደም ከነካው በኋላ ለሌላ ሰው እስኪበቃ ድረስ ማጥራት አስቸጋሪ ነው፤ ሄፓታይተስ ቢ በደረቀ ደም ላይ እንኳ ለቀናት ይቆያል። ይህን በቤት ውስጥ በክፍያ መሥራት ያለ ፈቃድ ማከም ሆኖ ሊያስከስስ ይችላል።

ጸሐፊው በመሐል ስለ መርፌ ንጽሕና ያነሡት ስጋት ከመርፌ ወጊዎች ዘመን የተረፈ እንደሆነ ይገባናል። በአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደሩ በ1996 የአኩፓንክቸር መርፌን ከሙከራ መሣሪያነት አውጥቶ ከተሕዋስያን የጸዳና ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል እንዲሆን ወስኗል። መርፌው ፊትዎ ከታሸገ ፓኬት ሲወጣ፣ ሲነቀልም ወዲያው ሴፍቲ ቦክስ ውስጥ ሲገባ ማየት አለብዎ። ጥሩ ባለሙያ ሲወጋም ሲነቅልም ይቆጥራል፤ ፀጉር ውስጥና ከጀርባ ላይ የተረሳ መርፌ ከሚገመተው በላይ የተለመደ ነው።

ፈቃድ የፈዋሽነት ማረጋገጫ ነው ስለሚለው ብዙ አንልም፣ አይደለም። ፈቃድ የሚናገረው ስለ ባለሙያው ነው፤ የተማረ፣ የተፈተነ፣ ቢያጠፋ የሚጠየቅ መሆኑን። ሕክምናው ለየትኛው ሕመም እንደሚሠራ የሚናገረው ምርምር ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት በ1997 ያሰባሰቡት ጉባኤ እንኳ ለቀዶ ሕክምናና ለኬሞቴራፒ ማቅለሽለሽ፣ ለጥርስ ሕክምና ሕመም ጥሩ ማስረጃ አግኝቶ፣ ለብዙ ሌሎች ሕመሞች ግን ማስረጃው በቂ አይደለም ብሎ ነው የደመደመው።

የቀረው ሜዲኬር ነው፤ እዚህ ላይ የተሳሳተ መረጃ በቀጥታ ከኪስ ያወጣል። ሜዲኬር አኩፓንክቸርን መክፈል የጀመረው ከጥር 2020 ወዲህ ሲሆን፣ የሚከፍለውም ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ 12 ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ለቆየ የታችኛው ጀርባ ሕመም። ሕመሙ ከካንሰር፣ ከኢንፌክሽን፣ ከቀዶ ሕክምና ወይም ከእርግዝና የመጣ ከሆነ አይሸፈንም። ለጉልበት፣ ለአንገት፣ ለራስ ምታት አይከፍልም። በ90 ቀን ውስጥ እስከ 12 ጊዜ ይፈቅዳል፤ መሻሻል ከታየ 8 ይጨምራል፤ በዓመት ከ20 አያልፍም።

ማን ይሰጠዋል የሚለው ደግሞ ከሁሉ በላይ የተወሳሰበው ነው። የአኩፓንክቸር ባለሙያ ለሜዲኬር በራሱ ስም ሒሳብ መላክ አይችልም። ሐኪም፣ ነርስ ፕራክቲሽነር ወይም ፊዚሽያን አሲስታንት በሚቆጣጠረው ቦታ ሠርቶ ሒሳቡ በእነሱ በኩል ይሄዳል። ከሐኪሙ በስተቀር የሚወጋው ሰው ሁሉ፣ ነርስ ፕራክቲሽነሯም ጭምር፣ ዕውቅና ካለው ትምህርት ቤት የተገኘ የአኩፓንክቸር ማስተርስ ወይም ዶክትሬት፣ እንዲሁም በሚሠራበት ግዛት ያልተገደበ የአኩፓንክቸር ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ስለዚህ ለብቻው ክሊኒክ ከከፈተ ባለሙያ ዘንድ የሚሄዱ እናትና አባት፣ ባለሙያው የቱንም ያህል ብቁ ቢሆን፣ ሙሉውን ክፍያ ከኪሳቸው ነው የሚከፍሉት። ቀጠሮ ሲያዝ የሚጠየቀው «ሜዲኬር ትቀበላላችሁ?» ሳይሆን «ሒሳቡን ለሜዲኬር የሚልከው የትኛው ሐኪም ነው?» ነው። ስም መጥቀስ ካልቻሉ ሒሳቡ ተመልሶ ወደ ታካሚው ይመጣል። ከ12ቱ ጉብኝት በኋላም መሻሻሉ በመዝገቡ ላይ ካልተጻፈ፣ ለምሳሌ ያለ ሕመም የሚቆሙበት ወይም የሚራመዱበት ጊዜ ምን ያህል እንደጨመረ ካልሰፈረ፣ ቀሪዎቹ 8 አይከፈሉም።